ከዚህ በፊት ባልተመዘገበበት አካባቢ የተገኘን ተክል እንዴት እንመዘግባለን?

አንድ ተክል እስካሁን በማይታወቅበት አካባቢ በቅሎ ከተገኘ ነገሩ ከሦስት አንዱ ነው። ወይ ተክሉ በቅርቡ መጥቷል፤ ወይ ድሮም እዚያው ነበረ፣ አስተውሎ ያየው ግን አልነበረም፤ አለዚያም አይቶ የመዘገበው ሰው ነበረ፣ መዝገቡ ግን በሌላ ስም ተጽፎ በአንድ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ሦስቱን መለየት የሚቻለው በማስረጃ ብቻ ነው። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ዓላማ አንድ ነው፦ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚመጣ፣ እናንተን የማያውቅና በቃላችሁ ብቻ የማያምን ተመራማሪ ራሱ መርምሮ ሊያረጋግጠው ወይም ሊያርመው የሚችል ማስረጃ ማኖር።

ጊዜውም ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ1984 ካውለርፓ ታክሲፎሊያ የተባለ የባሕር አልጌ በሞናኮ የውቅያኖስ ሙዚየም ሥር አንድ ካሬ ሜትር ገደማ ይዞ ታየ። በጊዜው የረባ እርምጃ አልተወሰደም፤ አልጌውም በሜዲትራኒያን ዳርቻዎች በሺዎች የሚቆጠር ሄክታር እስኪሸፍን ድረስ ተስፋፋ። ይኸው አልጌ እ.ኤ.አ. በ2000 በካሊፎርኒያ አንድ ሐይቅ መሰል የባሕር ወሽመጥ ውስጥ ሲገኝ ግን ማንነቱ በፍጥነት ተለይቶ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ማስወገድ ተጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ሙሉ በሙሉ መጥፋቱ ተገለጸ። አልጌው ያው ነው፤ ልዩነቱ ከመጀመሪያው መዝገብ በኋላ ማንነቱ ተለይቶ እርምጃ የተወሰደበት ፍጥነት ነው።

ደረጃ 1፦ ከመንካታችሁ በፊት ዙሪያውን ተመልከቱ

መጀመሪያ የሚጠየቀው ተክሉ ራሱ በቅሎ ነው ወይስ ሰው ተክሎት የሚለው ነው። ዛፎቹ በመስመር ቆመዋል? የፈረሰ ቤት መሠረት፣ የድሮ አጥር፣ የመቃብር ቦታ በአቅራቢያ አለ? የሁሉም ተክሎች ዕድሜ አንድ ዓይነት ነው? ሰው የተከለው ተክል መመዝገብ የለበትም ማለቴ አይደለም፤ በዱር ከበቀለው ጋር መቀላቀል ግን የለበትም። ከእናት ተክሉ ርቀው በራሳቸው የበቀሉ ችግኞች ካገኛችሁ ጉዳዩ ተለወጠ ማለት ነውና ርቀታቸውን ለኩና ጻፉ።

ፈቃድም ከመቀስ ይቀድማል። በጥብቅ ሥፍራዎች ናሙና ለመውሰድ የሚያስፈልገው ፈቃድ ከሀገር ሀገር ቢለያይም፣ ሳይጠይቁ መቁረጥ በየትኛውም ቦታ ችግር ያስከትላል። ናሙናው ድንበር የሚሻገር ከሆነ ሁለት ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ይነኩታል። አንደኛው ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎችን ንግድና ዝውውር የሚቆጣጠረው ሳይተስ ነው፤ የኦርኪድ ቤተሰብ በሙሉ በዚህ ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2010 ጸድቆ በ2014 ሥራ ላይ የዋለው የናጎያ ፕሮቶኮል ሲሆን፣ የዘረመል ሀብት ስለሚገኝበትና ጥቅሙ ስለሚጋራበት መንገድ ይደነግጋል። ያለ ፈቃድ የተሰበሰበን ናሙና ተቀብሎ የሚያስቀምጥ ሄርባሪየም፣ ማለትም የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማከማቻ፣ ዛሬ ማግኘት ይከብዳል።

ደረጃ 2፦ ፎቶግራፍ

ብዙ ሰው አበባውን ብቻ አንሥቶ ይሄዳል። አበባ ዓይን ይስባል፤ ዝርያውን የሚለየው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ነው። ተክሉን ካለበት አካባቢ ጋር፣ ከዚያም ሙሉ ቁመናውን፣ ከዚያም በቅርበት የቅጠሉን ፊትና ጀርባ፣ ቅጠሉ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ፣ ግንዱንና ቅርፊቱን፣ አበባውን ከፊት፣ ከጎንና ከሥር፣ ፍሬውንና ዘሩን አንሡ። በቅርበት በምታነሡት ምስል ሁሉ ላይ ማስመሪያ ይታይ።

የቅጠልን ጀርባና የአገዳን ነገር ደጋግሜ የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። የእምቦጭን ነገር እንመልከት። ሙሉ ለሙሉ ያደገ እምቦጭ ወይን ጠጅ አበባው ራሱ ይመሰክራል፤ ከላይኛው የአበባ ቅጠሉ መሐል ሰማያዊ የከበበው ቢጫ ነጠብጣብ አለው። ያላበበ ለጋ እምቦጭ ግን ሊምኖቢየም ሌቪጋተም ከተባለ ሌላ የደቡብ አሜሪካ የውኃ ተክል ጋር በቀላሉ ይምታታል፤ ሁለቱም ክብ አረንጓዴ ቅጠል ይዘው ይንሳፈፋሉ። ቅጠሉን ገልበጥ ስታደርጉ ግን ልዩነቱ ይወጣል። እምቦጭ የሚንሳፈፈው አየር ሞልቶት ባበጠው የቅጠል አገዳው ነው፤ የሊምኖቢየም ለጋ ቅጠል ደግሞ ስፖንጅ መሰል አካሉ ከቅጠሉ ጀርባ ላይ ተለጥፎ ይታያል። ከላይ ብቻ የተነሣ ፎቶ ይህን አያሳይምና ማንም ባለሙያ በእርግጠኝነት ሊመሰክርለት አይችልም።

ደረጃ 3፦ የመስክ ማስታወሻ

በእኔ እምነት ከሥራው ሁሉ ከባዱና በጣም የሚናቀው ይህ ነው። የተበላሸ ናሙና እንኳ ጥሩ ማስታወሻ ካለው ተመራማሪን ወደ ቦታው ይመልሳል፤ ውብ ሆኖ የደረቀና ቦታው ያልታወቀ ናሙና ግን ለአዲስ የስርጭት መዝገብ ምንም አይጠቅምም።

ቦታውን በሁለት መንገድ ጻፉ፤ በቁጥርም በቃልም። በቁጥር ስትጽፉ ኬክሮስና ኬንትሮስን በአስርዮሽ ዲግሪ አስፍሩ፤ ከነጥብ በኋላ አምስት አኃዝ አንድ ሜትር ገደማ፣ ሁለት አኃዝ ብቻ ግን አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። መሣሪያው የተጠቀመበትን የመሬት መለኪያ ሥርዓት (አብዛኛውን ጊዜ ደብሊውጂኤስ 84)፣ የስሕተቱን መጠን በሜትር፣ ከባሕር ጠለል በላይ ያለውን ከፍታም አክሉ። በጥልቅ ሸለቆ ወይም ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ስልካችሁ የሚሰጠው ቁጥር በአሥሮች ሜትር ሊዛነፍ ይችላልና ያንኑ በግልጽ ጻፉት።

በቃል ደግሞ እንዲህ፦ «ከድንጋይ ድልድዩ 400 ሜትር ወደ ላይኛው የወንዙ አቅጣጫ፣ በስተግራ ዳርቻ፣ ጎርፍ በሚደርስበት አሸዋማ አፈር ላይ፣ ከፊል ጥላ ባለበት ቦታ»። ይህ የሚያስፈልገው ቁጥር ስለሚሳሳት ነው። ኬክሮስና ኬንትሮስ ቦታ ተለዋውጠው የተጻፉበት መዝገብ እጅግ ብዙ ነው፤ የቃል መግለጫ ያለው ይታረማል፣ የሌለው ባሕር መሐል የበቀለ ዛፍ ሆኖ ይቀራል። የመንገድ ርቀት በምትጠቅሱበት ጊዜ ሊፈርስ ወይም ስሙ ሊለወጥ ከሚችል ነገር ይልቅ የወንዞችን መገናኛ፣ ኮረብታን ወይም ገደልን መነሻ አድርጉ።

ቀጥሎ ናሙናው ሲደርቅ የሚጠፋውን ሁሉ መዝግቡ፦ የአበባውን ቀለም፣ ሽታውን፣ ሲቆረጥ ወተት መሰል ፈሳሽ ማውጣት አለማውጣቱን፣ የዛፉን ቁመትና የቅርፊቱን ሁኔታ። ከዚያ የተክሉን ብዛት ቁጠሩ። «ብዙ ነው» አይበቃም፤ «20 በ30 ሜትር ቦታ ላይ 45 የበሰሉ ተክሎችና ከ200 በላይ ችግኞች» የሚል መግለጫ ግን ከዓመታት በኋላ ለንጽጽር ይውላል። አብረውት የበቀሉትን ተክሎች፣ የአፈሩን ዓይነት፣ የግጦሽ፣ የእሳት ወይም የቁፋሮ ምልክት መኖሩን ጨምሩ። ቀኑን ስትጽፉ ወሩን በፊደል ጻፉ፣ የዘመን አቆጣጠሩንም ግለጹ፤ በቁጥር ብቻ የተጻፈ ቀንና ወር አንዱ ለሌላው ሲነበብ ይኖራል።

ሁሉንም በእርሳስ ጻፉ። ቀለም በዝናብም በአልኮልም ይፈሳል።

ደረጃ 4፦ ናሙና መውሰድ

ፎቶ ብቻ የሚበቃበት ጊዜ አለ፤ በጥቂት ነፍስ የቀረ ብርቅ ተክል ካገኛችሁ አትቁረጡ። ብዙ ባለሙያዎች የሚመሩበት ልማድ ከሃያ ተክል አንዱን ብቻ መውሰድ ነው። ከትልቅ ተክል ላይ ቅርንጫፍ መቁረጥ ሲቻል ሥሩን መንቀል አያስፈልግም። ከዚህ በቀር ግን ለአዲስ አካባቢ መዝገብ የሚሆነው ዋናው ማስረጃ የደረቀ ናሙና ነው ብዬ አጥብቄ እመክራለሁ። ፎቶ ያነሣችሁትን ብቻ ያሳያል፤ ናሙና ግን እናንተ ያላሰባችሁትን ጥያቄ ለሚጠይቅ ሰውም ይመልሳል።

ናሙናው ቅጠል ብቻ ከሆነ ብዙ አይረዳም። አበባና ፍሬ፣ ቢቻል ሁለቱንም የያዘ ቅርንጫፍ ይመረጣል። ትንንሽ ዕፅዋትና ሣሮች ከነሥራቸው ይወሰዱ፤ የሣር ዝርያን ለመለየት ከመሬት በታች ያለው አካል ወሳኝ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ከአንድ ተክል ወይም ከአንድ ቦታ ሁለት ሦስት ቅጂ ውሰዱ፦ አንዱ በሀገሩ ሄርባሪየም ይቀመጣል፣ አንዱ ያንን የተክል ቤተሰብ ለሚያጠና ባለሙያ ይላካል። ሁሉም ቅጂዎች አንድ ዓይነት የሰብሳቢ ቁጥር ይኑራቸው። ይህ ቁጥር ከ1 ተነሥቶ ሥራውን እስከምታቆሙ ድረስ ይቀጥላል፤ በየዓመቱ እንደገና አይጀመርም።

ከተቻለ ጤናማ ቅጠል ቆራርጣችሁ በትንሽ የወረቀት ከረጢት ውስጥ እርጥበት ከሚመጥ ጠጠር፣ ከሲሊካ ጄል ጋር አስቀምጡ፤ የሲሊካው ክብደት ከቅጠሉ ቢያንስ አሥር እጥፍ ይሁን። ቅጠሉ በፍጥነት ሲደርቅ ዘረመሉ ሳይበላሽ ይቆያልና ወደፊት ምርመራ ቢያስፈልግ ዝግጁ ነው።

ተክሉ ወራሪ ሊሆን ይችላል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ዘሩን በዝግ ከረጢት ያዙ፤ ከቦታው ከመውጣታችሁ በፊት ጫማችሁን፣ ልብሳችሁንና የመኪናችሁን ጎማ አራግፉ። የስርጭቱ መዝጋቢ ራሱ አሰራጭ መሆን የለበትም።

ደረጃ 5፦ መጭመቅና ማድረቅ

ናሙናውን በጋዜጣ ወረቀት መካከል ዘርጉ፤ የጋዜጣው እጥፋት በመምጠጫ ወረቀትና በካርቶን ይታቀፍ፣ ሁሉም በሁለት የእንጨት መጭመቂያ መካከል ገብቶ በቀበቶ ጠበቅ ይደረግ። ናሙናው የሚለጠፍበት ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ 29 በ42 ሴንቲ ሜትር ያህል ነውና ረጅም ተክል በዚያ ልክ ይታጠፍ እንጂ አይቀነጠስ። ቢያንስ አንድ ቅጠል ጀርባው ወደ ላይ ይሁን፤ አንድ አበባም ተከፍቶ ውስጡ ይታይ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እርጥቡን ወረቀት በየዕለቱ ቀይሩ። በሙቀት ስታደርቁ ከ45 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አትለፉ፤ ሲበዛ ቅጠሉ ጠቁሮ ይሰባበራል፣ ሲያንስ ይሻግታል።

ከደረቀ በኋላ በፕላስቲክ አሽጋችሁ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ቢያንስ ለአንድ ሳምንት አቆዩት፤ ነፍሳትና እንቁላሎቻቸው ይሞታሉ። ከማቀዝቀዣው ሲወጣ ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ ድረስ ፕላስቲኩን አትክፈቱ፤ ከከፈታችሁት እርጥበት ናሙናው ላይ ያርፋል።

ደረጃ 6፦ ማንነቱን መለየት

የስልክ መተግበሪያዎች ጥሩ ጥቆማ ይሰጣሉ፤ ከጥቆማ ግን አያልፉም። ፕላንትኔትም ሆነ አይናቹራሊስት የሚያወዳድረው ቀድሞ ከተሰበሰቡ ምስሎች ጋር ነው። አንዳንዶቹ የታየበትን ቦታ ጭምር ከግምት ስለሚያስገቡ፣ በአካባቢው ያልታወቀ ዝርያ ሲያጋጥማቸው ወደሚታወቀው ዘመዱ ሊያዘነብሉ ይችላሉ። እናንተ የያዛችሁት ጉዳይ ደግሞ በትክክል ይኸው ነው።

ስለዚህ በአጉሊ መነጽር እያያችሁ በታተመው የአካባቢው የዕፅዋት መጽሐፍ መለያ ቁልፍ፣ ማለትም ባሕርይን በባሕርይ እያስመረጠ ወደ ዝርያው ስም በሚመራው ዝርዝር፣ እለፉ። ቁልፉ መጽሐፉ ለሚሸፍናቸው ዝርያዎች ብቻ የተሠራ ስለሆነ አዲስ መጤን በግድ ወደ አንዱ ነባር ስም ሊመራው ይችላል። ቁልፉ ስም ሰጣችሁ ብላችሁ አትቁሙ፤ ሙሉውን መግለጫ አንብቡና እያንዳንዱን ልኬት አመሳክሩ። ሁለት ሦስት ባሕርይ ካልገጠመ የጎረቤት አካባቢዎችን መጻሕፍት፣ ከዚያም ወገኑን (ዝርያው የሚመደብበትን የተቀራራቢ ዝርያዎች ስብስብ) በዓለም ደረጃ የሚሸፍነውን ሙሉ ጥናት ክፈቱ። በመጨረሻም በስሙ የተሰየሙ የሄርባሪየም ናሙናዎችን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አወዳድሩ፤ ብዙ ማከማቻዎች የናሙናዎቻቸውን ምስል በኢንተርኔት አውጥተዋል።

ያንን ቤተሰብ ለሚያጠና ባለሙያ ስትጽፉ «ይህ ምንድን ነው?» ብቻ አትበሉ። ከየትኛው ዝርያ ጋር እንዳመሳከራችሁ፣ የቱ ባሕርይ እንደገጠመና የቱ እንዳልገጠመ ግለጹ። መልሱ ሲመጣ ማን፣ መቼ፣ በምን መሠረት እንደለየው በናሙናው ላይ ይጻፍ። የዘረመል ምርመራም ይረዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ለየብስ ዕፅዋት መለያ እንዲሆኑ የተመረጡት አርቢሲኤል እና ማትኬ የተባሉት የዘረመል ክፍሎች ወገኑን ለማወቅ ሲበቁ፣ በጣም የተቀራረቡ ዝርያዎችን ለመለየት ግን ሁልጊዜ አይበቁም።

ደረጃ 7፦ በእርግጥ አልተመዘገበም?

በመጀመሪያ ጥያቄውን ወስኑ። ለአህጉሩ ነው አዲስ፣ ለሀገሩ፣ ለክፍለ ሀገሩ ወይስ ለአንድ ተራራ? የዕፅዋት ስርጭትን ለመመዝገብ የተዘጋጀው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ዓለምን በአራት ደረጃ ከፋፍሎ ያስቀምጣል፤ በዚያ ብትጠቀሙ የእናንተ «አካባቢ» ከሌላው ሰው «አካባቢ» ጋር ይስማማል።

ከዚያ የተክሉን ስሞች በሙሉ ሰብስቡ። እምቦጭ ለረጅም ዘመን አይኮርኒያ ክራሲፔስ ይባል ነበር፤ አሁን ብዙዎች ፖንቴዴሪያ ክራሲፔስ ይሉታል። ከግራር ዝርያዎች ብዙዎቹ አካሲያ ከሚለው ወገን ወጥተው ቫሼሊያና ሴኔጋሊያ ወደሚባሉ ወገኖች ተዛውረዋል። በአዲሱ ስም ብቻ የፈለገ ሰው የአንድ መቶ ዓመት መዝገብ አልፎ «የመጀመሪያው ግኝት» ብሎ ሊያውጅ ይችላል። በለንደን ኪው የሚገኘው የእንግሊዝ ንጉሣዊ የዕፅዋት ሥፍራ ያዘጋጀው ‹የዓለም ዕፅዋት በኢንተርኔት› የተባለው የመረጃ ቋት የአንድን ተክል የቀድሞ ስሞችና የታወቀ ስርጭት ያሳያል፤ መነሻ አድርጉት።

ቀጥሎ ዋና ጽሕፈት ቤቱ በኮፐንሃገን የሚገኘውን የዓለም አቀፍ የብዝኃ ሕይወት መረጃ ተቋም ጂቢአይኤፍን ፈልጉ። በካርታው ላይ የሚታየውን ነጥብ ሁሉ አትመኑ፤ አንዳንዱ ነጥብ ተክሉ የተገኘበት ሳይሆን ናሙናው የተቀመጠበት ተቋም ነው፣ አንዳንዱ የሀገሩ መካከለኛ ነጥብ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ በአትክልት ሥፍራ የተተከለ ነው። እያንዳንዱን አጠራጣሪ ነጥብ ከፍታችሁ ናሙና ይኑረው አይኑረው እዩ።

ሲያልቅ ወደ ሄርባሪየሙ ሂዱ። በዓለም ከ3000 በላይ ሄርባሪየሞች ሲኖሩ የያዟቸው ናሙናዎች ወደ 400 ሚሊዮን ይጠጋሉ፤ ብዙዎቹ ገና ወደ ኮምፒውተር አልገቡም። በተለይ በወገኑ መጨረሻ ላይ «ያልተለየ» ተብሎ የተቀመጠውን አቃፊ አገላብጡ። ከእናንተ በፊት ያንኑ ተክል የሰበሰበ ሰው ካለ፣ ናሙናው የሚገኘው ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው። ቢገኝ አትዘኑ፤ ሁለት መዝገብ ከአንድ ይበልጣል፣ ተክሉ በቦታው የታወቀበትንም ዘመን ወደ ኋላ ይወስዳል።

ደረጃ 8፦ እንዴት መጣ?

አዲስ የተመዘገበ ሁሉ መጤ አይደለም። ከሚታወቅ የስርጭት ክልሉ ቅርብ በሆነ፣ ተመሳሳይ አየርና አፈር ባለው ሰው ያልነካው ቦታ የተገኘ ተክል ሀገር በቀል የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። በመንገድ ዳር፣ በወደብ፣ በባቡር ሐዲድ ወይም በእህል ማራገፊያ አጠገብ ብቻ ከታየ ግን ሰው አምጥቶታል ብሎ ማሰብ ያስኬዳል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ሴኔሲዮ ስኳሊደስ የተባለው ተክል ነው። ትውልዱ ከሲሲሊ የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው፤ በኦክስፎርድ የዕፅዋት ሥፍራ ተተክሎ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1794 በከተማዋ ግንቦች ላይ በቅሎ ተመዘገበ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባቡር ሲመጣ የሐዲዱ ጠጠርና የከሰል ቅሪት የትውልድ ቦታውን አፈር መሰለለትና በብሪታንያ መስመሮች ሁሉ ተጓዘ። ይህን ታሪክ ዛሬ መተረክ የተቻለው በየጣቢያው ቀንና ቦታ ጽፈው ያለፉ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

በጽሑፋችሁ ውስጥ ደረጃውን ለዩ፦ አልፎ አልፎ በቅሎ የሚጠፋ፣ በራሱ እየተራባ ለትውልድ የቆየ፣ ወይም በፍጥነት ርቆ እየተሰራጨ ያለ ወራሪ። አንድ ጊዜ ብቻ ያያችሁትን ተክል «ወራሪ» ማለት አትችሉም። ከግምት የዘለለ ማስረጃ ከሌላችሁም ግምት መሆኑን ግለጹ።

ደረጃ 9፦ ማስረከብና ማሳተም

ናሙናውን በታወቀ ሄርባሪየም አስመዝግቡና መለያ ቁጥሩን ተቀበሉ። በቤት የተቀመጠ ናሙና እንደሌለ ይቆጠራል። ከዚያ አጭር የግኝት ማስታወሻ ጻፉ፤ ብዙ የዕፅዋት ጥናት መጽሔቶች ለዚህ የተለየ ዓምድ አላቸው። ተቀባይነት ያለው ስሙና የቀድሞ ስሞቹ፣ የናሙናው ዝርዝር፣ ከሚመስሉት ዝርያዎች የሚለይበት፣ እስካሁን የታወቀ ስርጭቱ፣ የተገኘበት ሁኔታና ካርታ ይኑሩት። «ለመጀመሪያ ጊዜ» ስትሉ የትኞቹን መጻሕፍት፣ ማከማቻዎችና የመረጃ ቋቶች እንደፈተሻችሁ አብራችሁ ጻፉ።

ተክሉ ወራሪ መሆኑ በሌላ ቦታ የታወቀ ከሆነ እስኪታተም አትጠብቁ። ማንነቱ እንደተረጋገጠ ለሚመለከተው የግብርና ወይም የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በደብዳቤ አሳውቁ። ፓርቴኒየም የተባለው ወራሪ አረም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በህንድ ፑኔ ሲመዘገብ ጥቂት ቦታ ይዞ ነበር፤ ዛሬ በክፍለ አህጉሩ ሁሉ አለ።

ብርቅዬ ኦርኪድ ወይም ሰብሳቢዎች የሚያሳድዱት ተክል ከሆነ ደግሞ ተቃራኒውን አድርጉ፦ ትክክለኛው መገኛ በሄርባሪየሙ ይቀመጥ፣ ለሕዝብ በሚወጣው ካርታ ላይ ግን በአሥሮች ኪሎ ሜትር ደብዝዞ ይታይ። ከፎቶው ፋይል ጋር የተያያዘውን የቦታ መረጃም ከማውጣታችሁ በፊት አጥፉ፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

በሚቀጥለው የአበባ ወቅት ወደ ቦታው ተመልሳችሁ ያንኑ ቦታ በዚያው ዘዴ ቁጠሩ። ተክሉ ካልተገኘም ምን ያህል ሰዓት፣ በየት በየት እንደፈለጋችሁ ጽፋችሁ ከመጀመሪያው መዝገብ ጋር እንዲያያዝ ወደ ሄርባሪየሙ ላኩ።